ሲዲያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፦ ኮዬ ፈጬ ያለ ጌም ማስገልበጫ ቤት ሲገመገም

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ምድር ቤት ላይ ያለ አንድ ጌም ቤት በአንድ ባንኮኒ በዋናነት ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ ደንበኛው ይዞት የመጣውን ሲዲ (ዲቪዲም ሆነ ብሉሬይ፣ የጌም ዲስክን ሁሉ በልማድ ሲዲ እንላለን) ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ነው። ሌላው ባዶ ሃርድ ዲስክ ይዞ ለመጣ ሰው ሱቁ ካከማቸው ላይ ጌም መጫን ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሁለቱን ሳይለይ «ማንኛውንም ጌም እንጭናለን» ይላል። የቤቱን ስም አንጠራም። ጀሞም፣ የካ አባዶም፣ ቦሌ አራብሳም፣ ቱሉ ዲምቱም አካባቢ እንዲህ ያለ ቤት አይጠፋም፤ እዚህ የተጻፈውን ይዛችሁ ሰፈራችሁ ያለውን መመዘን ትችላላችሁ። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፦ የመጀመሪያው አገልግሎት ሕጉ ቦታ ሰጥቶታል፣ ገንዘብም ይገባዋል፣ አሠራሩ ላይ ግን ከባድ ጉድለቶች አሉ። ለሁለተኛው ብር አታውጡ።

ከተማ ዳር ላይ ማስገልበጥ ፈላጊ ያገኘው በምክንያት ነው። ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የሀገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ጌም በኢንተርኔት ልግዛ ያለ ሰው የሌላ ሀገር አካውንት ከፍቶ በዚያው ሀገር የስጦታ ካርድ መክፈል አለበት። አንድ የፕሌይስቴሽን 4 ጌም 50 ጊጋና ከዚያ በላይ ሊሆን ስለሚችል በሞባይል ዳታ ማውረዱ ብቻውን ሌላ ወጪ ነው። ስለዚህ ሲዲ አሁንም ዋናው መንገድ ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ዘመድ ከውጭ የላከው፣ ከተጫጨረ በቀላሉ የማይተካ ሲዲ።

ሕጉ የፈቀደው የቱ ድረስ ነው

የሚመለከተው ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አንቀጽ 9 አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ የታተመን ሥራ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ግን ከዚህ ፈቃድ አውጥቶ ወደ አንቀጽ 14 ይመራዋል። አንቀጽ 14 ደግሞ የፕሮግራሙ ሕጋዊ ባለቤት አንድ ቅጂ ቢያወጣ የቅጂ መብት ባለቤቱ ሊከለክለው የማይችልባቸውን ሁለት ሁኔታዎች ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ቅጂው ፕሮግራሙን በተገኘበት ዓላማ ኮምፒዩተር ላይ ለመጠቀም አስፈላጊ ሲሆን ነው። ሁለተኛው ቅጂው ተቀምጦ እንዲቆይና ዋናው ቢጠፋ፣ ቢበላሽ ወይም ከጥቅም ውጭ ቢሆን እንዲተካው ሲሆን ነው። ቅጂውን ከዚህ ውጭ ለሌላ ጉዳይ ማዋል አይቻልም። ዋናውን የመያዝ መብታችሁ ባበቃ ጊዜ ቅጂውም መጥፋት አለበት።

እያንዳንዷን ቃል ባንኮኒው ላይ አስቀምጣችሁ እዩዋት። «ሕጋዊ ባለቤት» ማለት የገዛ ወይም በስጦታ የተቀበለ ነው፤ አክስት ከዱባይ የላከችው ሲዲ የእናንተ ነው፣ ከጎረቤት ለሳምንት የተዋሳችሁት ግን አይደለም። ከመንገድ ዳር በማርከር ስሙ ተጽፎበት የተገዛ ሲዲም ከመነሻው ሕጋዊ ስላልሆነ፣ ከእሱ የሚወጣ ቅጂ ሕጋዊ ሊሆን አይችልም። «አንድ ቅጂ» ማለት አንድ ነው፦ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ወንድም ላፕቶፕ ላይ አይደለም። «ለመተኪያ» የሚለው ደግሞ ዋናውን ሲዲ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ እያለ ነው እንጂ ሽጡ እያለ አይደለም።

እዚህ ላይ ሱቁ የሚወድቅበት አንድ ነገር አለ። ፈቃዱ የተሰጠው ለባለቤቱ ነው፣ ለጌም ቤቱ አይደለም። ሱቁ በዚህ ፈቃድ ውስጥ መቆየት የሚችለው የደንበኛው እጅ ሆኖ ሲሠራ ብቻ ነው፦ ሲዲውም የደንበኛው፣ ሃርድ ዲስኩም የደንበኛው፣ ሥራው ሲያልቅ ሱቁ ኮምፒዩተር ላይ የሚቀር ነገር የለም። ይህ ቤት ግን መጀመሪያ ወደ ራሱ ሃርድ ዲስክ ይገለብጥና ከዚያ ወደ ደንበኛው ያስተላልፋል። የራሱ ላይ ያለውን አያጠፋውም፤ ለሚቀጥለው ደንበኛ «ክምችት» ይሆናል። በዚህ መንገድ የእናንተ ሕጋዊ ሲዲ ለሕገወጥ ንግድ ጥሬ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ሃርድ ዲስካችሁን አስቀድማችሁ አሰኩና «በቀጥታ እዚህ ላይ አስቀምጠው» በሉ። ፕሮግራሙ ፋይሉን የት እንደሚያስቀምጥ ከመጀመሩ በፊት ስክሪኑ ላይ ይጠይቃል፤ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሠራተኛው ስትጠይቁት አይከራከርም። ካልጠየቃችሁት ግን ራሱ አያደርገውም።

ከዚህ የባሰው የመልሶ ግዢው ነገር ነው። ሱቁ ገልብጦ ከሰጣችሁ በኋላ ዋናውን ሲዲ በቅናሽ ልግዛችሁ ይላል፤ ለደንበኛው ጌሙም ገንዘቡም ስለሚቀርለት ያጓጓል። ሲዲውን በሸጣችሁበት ቅጽበት ግን ቅጂው ሕጋዊ መሠረቱን ያጣል፣ መጥፋትም አለበት። ተገላቢጦሹም አይሠራም፤ ዋናው ተሰብሯል ብሎ ቅጂውን መሸጥ አይቻልም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከላትቪያ በቀረበለት ጉዳይ በ2016 እ.ኤ.አ. የወሰነው ይህንኑ ነው፦ የመጀመሪያው ዲስክ ተበላሽቶ ወይም ጠፍቶ እንኳ ቢሆን መጠባበቂያውን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ያለ መብት ባለቤቱ ፈቃድ አይቻልም። የእኛም አንቀጽ 14 መንፈሱ ከዚህ አይርቅም።

ባለሱቁ የሚያነሳው ሌላ መከራከሪያ አለ፦ ጌሙ የጃፓን ነው፣ የአሜሪካ ነው፣ የኛ አዋጅ አይጠብቀውም። ክርክሩ ከባዶ የተነሳ አይደለም። አዋጁ ሲወጣ ኢትዮጵያ የቅጂ መብትን በሀገሮች መካከል የሚያስጠብቀው የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። አንቀጽ 3ም ጥበቃውን የሚያያይዘው ከሠሪው ዜግነት ወይም መኖሪያ፣ ሥራው መጀመሪያ ከታተመበት ሀገር፣ እንዲሁም ሀገሪቱ ከምትገባባቸው ስምምነቶች ጋር ነው። ነገር ግን ይህ ችሎት ላይ ጠበቃ የሚይዘው ክርክር ነው፣ የሱቅ ፈቃድ አይደለም። ስምምነት በተፈረመ ቁጥርም መልሱ ይለወጣል። ደግሞስ ያ ክምችት መች ለይቶ ያውቅና! ቅኔ ጌምስ እንደሠራው «ኩኩሉ» ያለ የአገር ልጅ ሥራ ያለ አንዳች ጥርጣሬ አዋጁ ሥር ነው፤ የመብቱ ባለቤት ካሳ መጠየቅ ይችላል፣ በወንጀልም እስራት አለበት።

የውጭውን ሕግ የሚጠቅስ ደንበኛም አይታጣም፤ «አሜሪካ እንኳ ባክአፕ ይፈቀዳል» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ክፍል 117 ለኮምፒዩተር ፕሮግራም የማኅደር (ተቀምጦ የሚቆይ) ቅጂ ይፈቅዳል። ሆኖም በ1983 እ.ኤ.አ. የጌም ኩባንያው አታሪ የካርትሪጅ (ጌም ያለበት የፕላስቲክ ካሴት) መገልበጫ ማሽን ይሸጥ የነበረውን ጄኤስኤንድኤ የተባለ ድርጅት ሲከስ፣ ፍርድ ቤቱ ካርትሪጅ እንደ ማግኔት ዲስክ በኤሌክትሪክና በሜካኒካል ብልሽት በቀላሉ የሚጠፋ ስላልሆነ የማኅደር ቅጂው ፈቃድ አይሸፍነውም አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ ደግሞ እንዳይገለበጥ የተደረገ የዲጂታል ቁልፍ መስበርን በራሱ ከለከለ፤ ቅጂው ይፈቀድም አይፈቀድ፣ ቁልፉን መስበሩ ለብቻው ጥፋት ሆነ። አውሮፓ ውስጥ የ2009 እ.ኤ.አ. የሶፍትዌር መመሪያ አስፈላጊ የሆነ መጠባበቂያን በውል መከልከል አይቻልም ይላል። በ2014 እ.ኤ.አ. ግን የኅብረቱ ፍርድ ቤት በኒንቴንዶ ጉዳይ፣ ቪዲዮ ጌም ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ሥዕልና ድምፅም ያለበት ጥምር ሥራ ስለሆነ ቁልፉ በሌላው፣ ጠበቅ ባለው መመሪያ ይጠበቃል አለ። ስለዚህ የአሜሪካን ስም ባንኮኒ ላይ ማንሳቱ ለማንም አይጠቅምም።

ሥራው ራሱ

ዕቃው ጥሩ ነው። ሱቁ የሚጠቀመው ዴስክቶፕ ውስጥ የሚገባውን ሙሉ መጠን የዲቪዲ ማንበቢያ ነው፤ ቀጭኑን የዩኤስቢ ዓይነት አይደለም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቀጭኑ ኃይሉን የሚያገኘው ከዩኤስቢው ነው። መደበኛው ዩኤስቢ 2 ደግሞ 500 ሚሊአምፔር ነው የሚሰጠው፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል። በዚህ የተነሳ የተጫጨረ ሲዲ ላይ ሲታገል ይጠፋና ይበራል። ቀጭኑ ብቻ ያለው ቤት ከገባችሁ ሁለት የዩኤስቢ ራስ ያለው ገመድ መኖሩን እዩ።

አጠራረጉም ልክ ነው። በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገው ይጠርጋሉ። በክብ መጥረግ ስህተት የሚሆነው ማንበቢያው የጎደለ መረጃ የሚሞላበት የማረሚያ ስሌት በቀጭኑ የተበተነ ጉዳትን መሙላት ስለሚችል፣ መረጃው በተጻፈበት አቅጣጫ የተሰመረ ረጅም ጭረትን ግን ስለማይችል ነው። ቅሬታችን ጭረት ለማጥፋት የሲዲውን ገጽ የሚፍቀው የማለስለሻ ማሽን ላይ ነው። ዲቪዲ ሁለት 0.6 ሚሊሜትር ፕላስቲኮች ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ መረጃው መሃሉ ላይ ነው፤ ከላይ ትንሽ ቢፋቅ ይተርፋል። የፕሌይስቴሽን 3፣ 4 እና 5 ብሉሬይ ግን መረጃው ከገጹ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። እሱን ማሽን ውስጥ ማስገባት ማጥፋት ነው። የድሮው ሲዲ ደግሞ በተቃራኒው ድክመቱ ላይኛው፣ ሥዕሉ ያለበት ገጽ ነው፤ መረጃው ከቀለሙ ሥር ስላለ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ወይም ቀለሙ የተላጠ ሲዲ በማለስለስ አይድንም። ሠራተኛው ሦስቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ ነው የሚያያቸው። ብሉሬይ ይዛችሁ ከሄዳችሁ «ማሽን እንዳታስገባው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ ላይ ቤቱ በግልጽ ይወድቃል። ሁሉንም አይኤስኦ በተባለው የዲስክ ቅጂ ፋይል ዓይነት ነው የሚያወጣው። አይኤስኦ ከእያንዳንዱ ሴክተር (ሲዲው ላይ መረጃ ከሚቀመጥባት ክፍልፋይ) 2048 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው፤ የሲዲው ሙሉ ሴክተር ግን 2352 ባይት ነው። የእነዚህ ጌሞች ፊልምና ድምፅ አብዛኛው የሚቀመጠው ከ2048 በሚበልጥ ሴክተር ላይ ነው። እንደ ሙዚቃ ሲዲ ተለይቶ የተጻፈውን ትራክ ደግሞ አይኤስኦ ጨርሶ አይዘውም። ውጤቱ ጌሙ ይከፈታል፣ ሙዚቃ የለውም፣ መሃል ላይ ያሉት ፊልሞች ይቆራረጣሉ። ሠራተኛው «ሲዲው አርጅቷል» ይላችኋል። አላረጀም፤ አገለባበጡ ነው የተሳሳተው። «በቢን እና ኪው አውጣልኝ» በሉ፤ ሁለት ፋይል ይሰጣችኋል፣ ትልቁ ቢን፣ ትንሹ ኪው። አንዱ ከሌለ ሌላው ዋጋ የለውም፤ ስማቸውንም አትቀይሩ፣ ኪው የሚያነበው የቢኑን ስም ነው። የአውሮፓ እትም ከሆነ ደግሞ አንዳንዶቹ ከዋናው መረጃ ጎን ባለው ንዑስ ቻናል ላይ የተደበቀ መከላከያ አላቸው። እሱ ካልተገለበጠ ጌሙ ጥቂት ሄዶ ይቆማል።

ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ቤቱ ጥሩ ነው፤ አብዛኛው ደንበኛም የሚመጣው በዚህ ነው። ሲዲውን አዙራችሁ ሥሩን እዩ፦ ሰማያዊ ከሆነ እውነተኛው ሲዲ ነው፣ ብርማ ከሆነ ዲቪዲ። ሰማያዊው እንደ ፕሌይስቴሽን 1 በቢን እና ኪው ይወጣል፤ ብርማው በአይኤስኦ ይበቃዋል። መረጃው በአንድ ንብርብር የተጻፈበት ዲቪዲ 4.7 ጊጋ፣ በሁለት ንብርብር የተጻፈበት 8.5 ጊጋ ይይዛል። የንባብ ፍጥነቱን 4 ላይ (4X) አስደርጉት። በዚያ ፍጥነት ሙሉ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 14 ደቂቃ ገደማ፣ ባለ ሁለቱ 26 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ሌባ መያዣ ነው። ጢም ያለ ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ ሰጥታችሁ በአምስት ደቂቃ «አለቀ» ከተባላችሁ፣ የተሰጣችሁ ከሲዲያችሁ የተነበበ ሳይሆን ከሱቁ ክምችት የተጎተተ ፋይል ነው። ለጨዋታ ልዩነት ላይኖረው ይችላል። ለሕጉ ግን አለው፤ ከሌላ ሰው ሲዲ የወጣ ቅጂ የእናንተ መጠባበቂያ አይደለም።

ቅጂውን ባዶ ሲዲ ላይ አስጽፎ ያልተነካ ፕሌይስቴሽን 2 ውስጥ መክተት አይሠራም፤ መሣሪያው ፋብሪካ የታተመውን ለይቶ ያውቃል። ስለዚህ መጠባበቂያው በተግባር የሚያገለግለው ኮምፒዩተር ላይ፣ ፒሲኤስኤክስ 2 በመሰለ ኢሙሌተር (ኮምፒዩተርን እንደ ጌም መሣሪያ በሚያሠራ ፕሮግራም) ነው። ኢሙሌተሩ ባዮስ የሚባለውን የመሣሪያውን መነሻ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ ባዮሱ የሶኒ ሥራ ነው፣ መገልበጥ ያለበትም ከራሳችሁ መሣሪያ ነው። ሱቁ ይህን ባዮስ ለሁሉም ደንበኛ ፍላሽ ላይ በነፃ ይጨምራል። በደግነት ነው የሚያደርገው፤ ሕጋዊ የነበረውን ሥራ በዚያችው ፋይል ያበላሸዋል።

የኤክስቦክስ 360 ሲዲ አታምጡ። ተራ የኮምፒዩተር ማንበቢያ የሚያየው ሲዲው ፊት ላይ ያለችውን ትንሽ የቪዲዮ ክፍል ብቻ ነው፤ እሷም ሲዲውን ኤክስቦክስ ውስጥ ክተቱ የምትል መልእክት ናት። ከ360 ሲዲ ወጣ ተብሎ ትንሽ አይኤስኦ ከተሰጣችሁ ለዚያች መልእክት ከፍላችኋል። መሣሪያው ራሱ ከ2008 እ.ኤ.አ. ዝማኔ ጀምሮ ጌሙን ከሲዲ ወደ ውስጥ ሃርድ ዲስኩ መጫን ይችላል፤ ሲዲው ለማረጋገጫ ውስጥ መኖር አለበት እንጂ ያለማቋረጥ ስለማይነበብ ዕድሜው ይረዝማል። ነፃ ነው፣ ሱቅም አያስፈልገውም።

ፕሌይስቴሽን 3ን በተመለከተ ማስታወቂያው ውሸት ነው። ብሉሬዩ ላይ ያለው መረጃ የተመሰጠረ ነው፣ እያንዳንዱ ሲዲም የራሱ ቁልፍ አለው፤ ያን የሚያነቡ የኮምፒዩተር ማንበቢያዎች ጥቂት ሞዴሎች ናቸው። ይህ ቤት ጭራሹን ብሉሬይ ማንበቢያ የለውም። ታዲያ «ፕሌይስቴሽን 3 እንገለብጣለን» ሲል ምን ማለቱ ነው? ሲዲያችሁን ተቀብሎ ስሙን አንብቦ ከኢንተርኔት የወረደውን ይሰጣችኋል ማለት ነው።

ፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ላይ የሚገለበጥ ሲዲ የለም፤ ጌሙ ውስጥ ይጫናል፣ ሲዲው ማረጋገጫ ነው። እዚህ ላይ መጠባበቅ የሚገባው የጨዋታችሁ ታሪክ፣ ሴቩ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር ስትሉ ሁሉንም ዩኤስቢ ላይ ያስቀምጣል። ሃርድ ዲስኩ ፎርማት የተደረገበት ዓይነት ፋት 32 ወይም ኤክስፋት መሆን አለበት፣ ኤንቲኤፍኤስ የተባለውን አያይም። ትሮፊዎች (የጨዋታ ሽልማቶች) ባክአፑ ውስጥ አይገቡም፤ አስቀድማችሁ ከኔትወርኩ ጋር አስተካክሏቸው። ሱቁ ይህንን በክፍያ ይሠራል። ቤታችሁ ሥሩት።

የኮምፒዩተር ጌም ያላችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን አትጨርሱ። ጂኦጂ ከተባለው የኢንተርኔት ጌም መሸጫ የተገዛ ጌም ያለ ቁልፍ ሙሉ የመጫኛ ፋይሉ ይወርዳል፤ የተከፋፈሉትን ፋይሎች አንድ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ሌላው መሸጫ ስቲም የራሱ ባክአፕ አለው፣ መልሶ ለመጫን ግን አካውንቱ ውስጥ መግባት ግድ ነው። የ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የሲዲ ጌሞች ሴፍዲስክ የተባለ ቁልፍ ካላቸው፣ ዊንዶውስ 10 እሱን ስለማያስኬድ ዋናው ሲዲ ራሱ አይሠራም፤ ቅጂውም እንዲሁ።

መረጋገጥ ያለበት

ትልቁ ጉድለት እዚህ ነው። የንባብ ስህተት ሲመጣ ፕሮግራሙ ይጠይቃል፦ ድገም፣ እለፍ ወይስ አቁም? ይህ ቤት ስህተትን በራሱ እንዲያልፍ አድርጎ አስተካክሎታል። ያልተነበበው ቦታ በባዶ ይሞላል፣ ፋይሉ መጠኑ ሙሉ ሆኖ ይወጣል፣ ጌሙም ይከፈታል። ከወራት በኋላ አንድ ደረጃ ላይ ስትደርሱ ቀጥ ይላል፤ ያኔ ዋናው ሲዲ ይበልጥ ተጎድቷል ወይም ጠፍቷል። ፋይሉ ስለተከፈተ ብቻ «ሠራ» ብላችሁ አትውጡ።

ማረጋገጫው ሁለት ጊዜ አስነብቦ ቁጥሩን ማመሳሰል ነው። ሴቨን ዚፕ የተባለው ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ፋይሉን በቀኙ ክሊክ አድርጋችሁ የሻ 1 ቁጥሩን፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣውን መለያ፣ አውጡ። ሲዲው ወጥቶ፣ ተጠርጎ፣ እንደገና ሲነበብ ያው ቁጥር ከወጣ ንባቡ አስተማማኝ ነው። አንዲት ፊደል ከተለየች አንዱ ተሳስቷል፤ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ሦስተኛ ማስነበብ ነው። ሁለተኛውን ፋይል ከተመሳሰለ በኋላ አጥፉት፣ አንድ ቅጂ ነው የተፈቀደው። ሪደምፕ የተባለው የዲስኮች መዝገብ የብዙ ጌሞችን ትክክለኛ ቁጥር ይዟል፣ ከእሱ ጋር ማስተያየት ከሁሉም ይበልጣል። ሱቁ ሁለት ጊዜ ለማንበብ ጭማሪ ይጠይቃል። ይገባዋል፣ ጊዜው እጥፍ ነው።

ማስቀመጫውን በተመለከተ ሁለት ነገር። ፋት 32 ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የዲቪዲ አይኤስኦ እዚያ ላይ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» እያለ የሚያስቸግረው ሃርድ ዲስኩ ስለሞላ አይደለም። ለኮምፒዩተር የምታስቀምጡት ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ አድርጉት። ኤክስፋትም ይሠራል፣ ግን የለውጥ መዝገብ ስለማይይዝ በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ቢሄድ ማውጫው ሊበላሽ ይችላል። ኮዬ ፈጬ ላይ ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። ለቤቱ የምንሰጠው አንድ ትልቅ ነጥብ ዩፒኤስ ማስቀመጡ ነው፤ መብራት ሲሄድ የተጀመረውን ለመጨረስ ይበቃል። ጀነሬተር ብቻ ያለው ቤት አይተካውም፣ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ኮምፒዩተሩ ጠፍቷል።

ሱቁ የሚሸጠውን ፍላሽ ግን አትግዙ፣ ቢያንስ ሳትፈትሹ። 256 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ትንሽ የሆነ ፍላሽ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ኮምፒዩተሩ የተጻፈውን መጠን ያሳያል፣ ከእውነተኛው መጠን በላይ የተጻፈው ግን ይጠፋል። ኤችቱቴስትደብሊው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ያነብበዋል። 64 ጊጋ ፍላሽ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢጽፍ መሙላቱ ብቻ ከመቶ ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሳይሆን ቤት ነው የሚሠራው። «ካልሆነ እመልሳለሁ» የሚል ቃል አስቀድማችሁ ተቀበሉ።

ባንኮኒው ላይ «ጄልብሬክ» የሚል ሦስተኛ አገልግሎትም አለ፤ የቆየ የሲስተም ቁጥር ላይ ያለ ፕሌይስቴሽን 4 ቁልፉ ተሰብሮ የሱቁ ክምችት ይጫንበታል። ይህን ባክአፕ ብሎ መጥራት አይቻልም፣ ዋና ሲዲ የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። መሣሪያው ኔትወርክ ላይ ከወጣ ሊታገድ ይችላል፤ ዝማኔ ከተጫነበት ደግሞ የተከፈለበት ሁሉ ይጠፋል። በሰዓት የምታጫውቱ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቶችም ልብ በሉ፦ ሲዲው እንዳይጫጫር ብሎ ቅጂውን ለደንበኛ ማጫወት ለመተኪያ ማስቀመጥ አይደለም፣ ንግድ ነው፤ አንቀጽ 9 ለግል ጥቅም ያለውም አይሸፍነውም።

ክፍያውን ይህ ቤት በጊጋ ያስባል። ለደንበኛው አይጠቅምም፦ ሥራው የሚፈጀው ጊዜ ነው፣ 700 ሜጋ የሆነ የተጫጨረ የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ ከንጹሕ የ4 ጊጋ ዲቪዲ በላይ ሊያደክም ይችላል፤ ሠራተኛውም በጊጋ ሲከፈለው ትንሹን ሲዲ አጣድፎ ነው የሚያልፈው። በሲዲ ብዛት ተስማሙ፣ ሁለቱን ንባብ ጨምራችሁ። ግማሹን ስታስረክቡ፣ ግማሹን ቁጥሮቹ ተመሳስለው በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ክፈሉ። ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ ከትምህርት ቤት መውጫ በኋላ ባንኮኒው ይጨናነቅና ፍጥነቱን ከ4 ወደ 16 ያነሱታል።